በፍጥነት የሚለዋወጡ የቅርጫት ኳስ ጨዋታዎችን በትክክል መዳኘት የሚቻለው እንዴት ነው?

የቅርጫት ኳስ ዳኛ አብዛኛውን ውሳኔውን የሚሰጠው ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። አሥር ተጫዋቾች 28 ሜትር ርዝመትና 15 ሜትር ስፋት ባለው ሜዳ ላይ ይሯሯጣሉ። ኳሱን የያዘው ቡድን በ24 ሰከንድ ውስጥ ወደ ቀለበቱ መወርወር ይጠበቅበታል። ኳሱ በተነጠቀ ቅጽበት ደግሞ አጥቂው ተከላካይ፣ ተከላካዩም አጥቂ ይሆናል። በዚህ መካከል የሚፈጠረው ንክኪ ጥፋት ነው ወይስ አይደለም? ጥፋት ከሆነስ የማን ነው? ለሚሉት ጥያቄዎች ዳኛው የተመልካቹ ጩኸት ሳይበርድ መልስ መስጠት አለበት።

ብዙዎች ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ፈጣን ዓይን ብቻ እንደሆነ ያምናሉ። የሙያው ልምድና የዓለም አቀፉ ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን /ፊባ/ የዳኝነት መመሪያዎች የሚያመለክቱት ግን ከዚህ የተለየ ነው። አስቸጋሪ ጨዋታን በትክክል የሚዳኝ ባለሙያ የሥራውን ትልቁን ክፍል የሚያከናውነው ድርጊቱ ከመፈጸሙ በፊት ነው። ይህም በተገቢው ቦታ በመቆም፣ መመልከት የሚገባውን አስቀድሞ በመለየትና ድርጊቱ እስኪጠናቀቅ በመታገሥ የሚገኝ ውጤት ነው።

ከመነሻው የተከፋፈለ ኃላፊነት

ቅርጫት ኳስ እ.ኤ.አ. በ1891 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ስፕሪንግፊልድ ከተማ የተጀመረ ስፖርት ነው። ጨዋታውን የፈጠሩት ጄምስ ናይስሚዝ ያስተምሩ የነበሩት በአገራችን ወወክማ በሚል ስያሜ በሚታወቀው የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ማሠልጠኛ ተቋም ውስጥ ነበር። መምህሩ ያረቀቋቸው የመጀመሪያዎቹ ሕጎች 13 ሲሆኑ፣ ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱ የዳኞችን ሥራ የሚመለከቱ ናቸው።

በእነዚህ ሕጎች መሠረት አንደኛው ዳኛ ተጫዋቾቹን እየተከታተለ ጥፋቶችን ይመዘግባል። ሁለተኛው ዳኛ ደግሞ ኳሱን ይከታተላል፤ ኳሱ ከሜዳ መውጣቱንና የማን መሆኑን ይወስናል፤ ሰዓትም ይይዛል። አንድ ሰው ኳሱንም ተጫዋቾቹንም በአንድ ጊዜ በሚገባ ማየት እንደማይችል ጨዋታው በተፈጠረበት ወቅት ግንዛቤ ተወስዶበት እንደነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ዛሬ በትላልቅ ውድድሮች ሦስት ዳኞች ሜዳ ውስጥ ይሰማራሉ። በሌሎች ውድድሮች ደግሞ ሁለት ዳኞች ይመሩታል። የዳኞቹ ቁጥር ይለያይ እንጂ መርሁ አልተለወጠም። እያንዳንዱ ዳኛ በኃላፊነት የሚመለከተው ክልል አለው። ኳሱ በእርሱ ክልል ውስጥ በሌለበት ጊዜም ኳስ ያልያዙ ተጫዋቾችን መከታተል ይጠበቅበታል። ሁሉም ዳኞች ኳሱን ብቻ የሚያዩ ከሆነ ከኳሱ ርቆ የሚፈጸመው መጎተት፣ መግፋትና ማገድ ያለ ተመልካች ይቀራል።

ለፊሽካው የሚደረግ ዝግጅት

ልምድ ያላቸው ዳኞች ከጨዋታው በፊት ተሰብስበው ይመክራሉ። በዚህ ምክክር ክልላቸውን ይከፋፈላሉ፤ ሁለት ዳኞች በአንድ ጊዜ ፊሽካ ቢነፉ ማን እንደሚወስን ይስማማሉ፤ በየሩቡ ማብቂያ የመጨረሻውን ውርወራ ማን እንደሚከታተል ይለያሉ። የቡድኖቹንም የአጨዋወት ስልት ያነሳሉ። አንደኛው ቡድን በሙሉ ሜዳ ጫና የሚጫወት ከሆነ ኳስ በብዛት እንደሚነጠቅና መልሶ ማጥቃት እንደሚበዛ አስቀድሞ ይታወቃል። ረጃጅም ተጫዋቾች ያሉት ቡድን ከሆነ ደግሞ ከቀለበቱ ሥር የሚኖረው ትግል እንደሚጠነክር ይገመታል።

ይህ ዝግጅት ጨዋታውን አስቀድሞ ከመፍረድ ጋር መምታታት አይገባውም። ዳኛው የሚገምተው ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን የጨዋታ ዓይነት እንጂ ጥፋት መፈጸሙን አይደለም። ጨዋታውን መገመት ዳኛውን በተገቢው ቦታ ያስቀምጠዋል። ጥፋትን መገመት ግን ያልተፈጸመ ድርጊት ላይ ፊሽካ ወደ መንፋት ይመራል። በሙያው ጀማሪዎች ላይ ከሚታዩት ድክመቶች አንዱ እነዚህን ሁለት ነገሮች አለመለየት ነው።

በሁለት አካላት መካከል ያለውን ክፍተት ማየት

በሦስት ዳኞች አሠራር ሦስት የሥራ ቦታዎች አሉ። ከቀለበቱ ሥር ባለው የመጨረሻ መስመር ላይ የሚቆመው ሊድ፣ ከጨዋታው ኋላ የሚከተለው ትሬይል፣ በሌላው ጎን በኩል በቅጣት ውርወራ መስመር ትይዩ አካባቢ የሚቆመው ደግሞ ሴንተር በመባል ይታወቃል። ኳሱ ከአንዱ የሜዳ ጎን ወደ ሌላው ሲዞር ዳኞቹም ቦታቸውን ይቀያየራሉ።

የእነዚህ ቦታዎች ዓላማ በአጥቂውና በተከላካዩ መካከል ያለውን ክፍተት ማሳየት ነው። ዳኛው ከሁለቱ ተጫዋቾች በአንደኛው ጀርባ ትይዩ ከቆመ አካላቱ ተደራርበው ይታዩታል። የተከላካዩ እጅ የአጥቂውን ክንድ ይንካ ወይም ኳሱን ብቻ ይንካ መለየት አይችልም። በዚህ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት እርምጃ ወደ ጎን መራመድ ድርጊቱን ግልጽ ያደርገዋል። ስለዚህ ለዳኛው ዋናው ጉዳይ የማያ አንግሉ ነው። ለድርጊቱ መቅረብ ብቻውን ጠቃሚ የሚመስልበት ጊዜ ቢኖርም፣ በጣም የቀረበ ዳኛ ጠቅላላውን ድርጊት ማየት ይሳነዋል፤ እንቅስቃሴውም ከእውነተኛው ይልቅ የፈጠነ መስሎ ይታየዋል።

ሌላው መርህ ውሳኔ በሚሰጥበት ቅጽበት ቆሞ መመልከት ነው። እየሮጠ የሚመለከት ሰው ዓይኑ ከሰውነቱ ጋር ይንቀጠቀጣል። በመሆኑም ዳኛው ወደሚፈልገው ቦታ በፍጥነት ደርሶ፣ ወሳኙ ድርጊት ሲፈጸም መቆም ይኖርበታል። ለዚህም ነው የአካል ብቃት ለዳኝነት ጥራት መሠረት የሚሆነው። ዘግይቶ የደረሰ ዳኛ ሕጉን ጠንቅቆ ቢያውቅም ሕጉን የሚሠራበት በቂ ምስል አይኖረውም።

ተከላካዩን መመልከት

በፈጣን ጨዋታ የዳኛው ዓይን ሳያስበው ኳሱንና ኳሱን የያዘውን አጥቂ ይከተላል። የሙያው መመሪያ የሚያዘው ግን ተከላካዩን መመልከትን ነው። ምክንያቱም በአብዛኛው የንክኪው ሕጋዊነት የሚወሰነው ተከላካዩ ባደረገው ወይም ባላደረገው ነገር ነው። ተከላካዩ ሕጋዊ አቋም ላይ ከነበረ ለግጭቱ ተጠያቂ አይሆንም፤ ካልነበረ ደግሞ ጥፋቱ የእርሱ ነው።

በዚህ ረገድ ከሁሉ በላይ የሚያከራክረው አጥቂው ወደ ቀለበቱ ሲገሰግስ ከተከላካይ ጋር የሚጋጭበት ሁኔታ ነው። አጥቂው ተከላካዩን ከገጨ ቻርጅ፣ ተከላካዩ ያለ አግባብ መንገድ ከዘጋ ደግሞ ብሎክ ይባላል። በሕጉ መሠረት ተከላካይ ሕጋዊ የመከላከል አቋም ያዘ የሚባለው ፊቱን ወደ ተጋጣሚው አዙሮ ሁለቱንም እግሮቹን መሬት ላይ ሲያሳርፍ ነው። ይህን አቋም ከያዘ በኋላ እንደ ሐውልት ቆሞ እንዲቀር አይገደድም፤ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ መንቀሳቀስ፣ በራሱ ቦታ ላይም ወደ ላይ መዝለል ይችላል። "ተከላካዩ ስለተንቀሳቀሰ ጥፋቱ የእርሱ ነው" የሚለው በተመልካቾች ዘንድ የተለመደ አስተያየት ከሕጉ ጋር አይጣጣምም።

አጥቂው ከመሬት ከተነሣ ግን ሁኔታው ይለወጣል። አየር ላይ ያለ ተጫዋች አቅጣጫውን መቀየር ስለማይችል፣ ተከላካዩ አጥቂው ከመዝለሉ በፊት ቦታውን ይዞ መገኘት አለበት። ከዚህ በተጨማሪ ከቀለበቱ ሥር 1.25 ሜትር ሬዲየስ ያለው ግማሽ ክብ ተሠምሯል። በዚህ ክልል ውስጥ የቆመ ተከላካይ አየር ላይ ካለ አጥቂ ጋር ቢጋጭ፣ አጥቂው እጁን ወይም እግሩን ያለ አግባብ ካልተጠቀመ በቀር፣ የአጥቂ ጥፋት አይባልም። እንግዲህ ዳኛው በአንዲት ቅጽበት የተከላካዩን እግሮች፣ የአጥቂውን መነሻ፣ የግማሽ ክቡን መስመርና ግጭቱ ያረፈበትን የሰውነት ክፍል ማወቅ አለበት። አጥቂውን ብቻ ሲከተል የነበረ ዓይን ይህን ሁሉ ሊያገኝ አይችልም።

ጉዳዩ በዓለም ትልልቅ መድረኮችም ሳይቀር አስቸጋሪ መሆኑን የሚያሳይ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. ሜይ 31 ቀን 2018 በአሜሪካው ብሔራዊ ቅርጫት ኳስ ማኅበር /ኤንቢኤ/ የፍጻሜ ውድድር የመጀመሪያ ጨዋታ ክሊቭላንድ ጎልደን ስቴትን 104 ለ102 ይመራ ነበር። መደበኛው ሰዓት ሊያበቃ 36.4 ሰከንድ ሲቀረው የጎልደን ስቴቱ ኬቪን ዱራንት ወደ ቀለበቱ ሲገሰግስ ከሌብሮን ጄምስ ጋር ተጋጨ። ዳኞቹ መጀመሪያ ጥፋቱን የአጥቂው አድርገው ወሰኑ። ጄምስ ከግማሽ ክቡ ውጭ መሆኑን ለማረጋገጥ ምስሉን ሲመለከቱ ግን ሕጋዊ አቋም አልያዘም በማለት ውሳኔውን ለወጡት። ዱራንት ሁለቱንም የቅጣት ውርወራ አስቆጥሮ ቡድኖቹን አቻ አደረገ። ጨዋታው በመደበኛው ሰዓት 107 ለ107 ተጠናቆ በተጨማሪው ሰዓት ጎልደን ስቴት 124 ለ114 አሸንፏል። የአንድ ተከላካይ ትከሻና እግር አቀማመጥ የጨዋታውን አካሄድ ምን ያህል ሊለውጥ እንደሚችል ከዚህ መገንዘብ ይቻላል።

የታገሠ ፊሽካ

አንድ ድርጊት መነሻ፣ ሂደትና ፍጻሜ አለው። ዳኛው ሦስቱንም ማየት ይጠበቅበታል። መነሻውን ሳያይ ግጭቱን ብቻ የተመለከተ ዳኛ የሚገምት እንጂ የሚወስን አይደለም። ፍጻሜውን ሳይጠብቅ የነፋ ዳኛ ደግሞ ንክኪው ያስከተለውን ውጤት ሳያውቅ ጨዋታውን ያቋርጣል።

ቅርጫት ኳስ ንክኪ የሌለበት ስፖርት አይደለም። አሥር ሰዎች በጠባብ ቦታ ሲንቀሳቀሱ መነካካት የማይቀር ነው። ሕጉ የሚቀጣው ተጋጣሚን ያለ አግባብ የሚጎዳ ወይም የሚያሰናክል ንክኪን ነው። አጥቂው ትንሽ ተነክቶ ሚዛኑን ሳያጣ፣ ፍጥነቱም ሳይቀንስ አልፎ ኳሱን ያለ ችግር ወደ ቀለበቱ ካደረሰ ፊሽካው ባይነፋ ይመረጣል። በአንጻሩ ንክኪው የውርወራውን አቅጣጫ ካዛባ ወይም ተጫዋቹን ከመንገዱ ካስወጣው መነፋት አለበት። ይህን ለመለየት ዳኛው ከንክኪው በኋላ ጥቂት መታገሥ ያስፈልገዋል። ትዕግሥት ሲባል መጠራጠር ማለት አይደለም። ዳኛው ድርጊቱን እስከ መጨረሻው በአእምሮው አጠናቅቆ ከዚያ ይነፋል፤ ከነፋ በኋላም በውሳኔው ይጸናል።

ይሁንና ትዕግሥት ወሰን አለው። ተጫዋችን ለአደጋ የሚያጋልጥ ድርጊት፣ ለምሳሌ አየር ላይ ያለን ተጫዋች ከሥሩ ገብቶ ማሰናከል ወይም ክርንን ማወናጨፍ፣ የኳሱ መጨረሻ የማይጠበቅለት ነው። እንዲህ ያለው ጥፋት ሳይቀጣ ከቀረ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ብድር ወደ መመላለስ ያመራሉ፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታውን መቆጣጠር እጅግ አስቸጋሪ ይሆናል።

መልሶ ማጥቃትና የእርምጃ ቆጠራ

ኳስ በድንገት ሲነጠቅ የዳኞቹም ሚና በዚያው ቅጽበት ይለወጣል። ከኋላ ይከተል የነበረው ትሬይል በአዲሱ አቅጣጫ ሊድ ሆኖ ከአጥቂዎቹ ቀድሞ ወደ ሌላኛው ቀለበት መድረስ አለበት። ሊድ የነበረው ደግሞ ከኋላ ይከተላል። አዲሱ ሊድ ሲሮጥ ጀርባውን ለጨዋታው መስጠት የለበትም፤ ፊቱን ወደ ሜዳው መልሶ ስንት አጥቂና ስንት ተከላካይ እንደሚመጣ እየቆጠረ መሮጥ ይጠበቅበታል። ሁለት አጥቂ ለአንድ ተከላካይ የሚመጡ ከሆነ ግጭት ሊፈጠር የሚችለው ያ ተከላካይ ባለበት ቦታ ስለሆነ ዓይኑን እዚያ ላይ ያሳርፋል።

በመልሶ ማጥቃት ወቅት ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ከኋላ ወይም ከጎን የሚፈጸም ጥፋት ነው። በአጥቂውና በቀለበቱ መካከል ሌላ ተከላካይ በሌለበት ሁኔታ፣ አጥቂው የመወርወር እንቅስቃሴ ሳይጀምር ከኋላ ወይም ከጎን ያለ አግባብ ከነካው በፊባ ሕግ መሠረት ከስፖርታዊ ጨዋነት የወጣ ጥፋት ይሆናል። ቅጣቱም ሁለት ውርወራና ኳሱን መልሶ መያዝ ነው። ዳኛው ስለዚህ ንክኪውን ብቻ ሳይሆን ከአጥቂው ፊት ተከላካይ መኖር አለመኖሩንም በዚያው እይታ መለየት ይኖርበታል።

ሌላው የሚያከራክረው ኳስ ይዞ መራመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ፊባ በሕጉ ላይ ማብራሪያ ያከለ ሲሆን፣ በእንቅስቃሴ ላይ ያለ ተጫዋች ኳሱን በተቆጣጠረበት ቅጽበት መሬት ላይ የነበረው እግር ከቆጠራው ውጭ እንዲሆንና ከዚያ በኋላ ሁለት እርምጃ እንዲፈቀድለት ተደርጓል። ተመልካቹ ሦስት እርምጃ ቆጥሮ ሲጮህ ዳኛው ዝም የሚለው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ዳኛው መጀመሪያ መለየት ያለበት ኳሱ በእጅ ውስጥ የገባበትን ቅጽበት ነው፤ እርምጃ የሚቆጠረው ከዚያ በኋላ ነው።

ከቀለበቱ ሥር የሚነፉ ሁለት ፊሽካዎች

ውርወራ በተደረገ ቁጥር ሁሉም ሰው ወደ ላይ ይመለከታል። ዳኞች ግን ሥራ መከፋፈል አለባቸው። የኳሱን በረራ በዋናነት የሚከታተሉት ሊድ ያልሆኑት ዳኞች ናቸው። ኳሱ ከቀለበቱ ከፍታ በላይ ሆኖ ወደ ታች መውረድ ከጀመረ በኋላ ተከላካይ ቢነካው ነጥቡ እንደገባ ይቆጠራል። ቀለበቱ ከመሬት 3.05 ሜትር ከፍታ ላይ በመሆኑ፣ ኳሱ በመውጣት ላይ ነበር ወይስ በመውረድ ላይ የሚለውን ከሥሩ ቆሞ መለየት አዳጋች ነው። ሊድ በዚህ ጊዜ መከታተል ያለበት የተመለሰውን ኳስ ለማግኘት ከታች የሚደረገውን መገፋፋት ነው።

በሁለት ክልሎች ድንበር ላይ በሚፈጠር ግጭት ሁለት ዳኞች በአንድ ጊዜ ሊነፉ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ ሁለቱም እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው ጥቂት መቆየት፣ ዓይን ለዓይን መተያየትና ዋናው ኃላፊነት ያለበት ዳኛ ውሳኔውን እንዲያስታውቅ መተው አለባቸው። አንደኛው ዳኛ የአጥቂ ጥፋት፣ ሌላው የተከላካይ ጥፋት የሚል ምልክት በተመሳሳይ ቅጽበት ካሳዩ ግን በተጫዋቾች፣ በአሠልጣኞችና በተመልካቾች ፊት የዳኞቹ ተአማኒነት ይጎዳል። ለምልክት መቸኮል በውሳኔ ከመቸኮል ያልተናነሰ ጉዳት አለው።

የመጨረሻዎቹ ሰከንዶች

የጨዋታ ሰዓት ሊያበቃ ሲል የሚደረግ ውርወራ ሦስት ነገሮችን በአንድ ጊዜ መመልከትን ይጠይቃል። እነዚህም ኳሱ ከእጅ የተለየው ሰዓቱ ከማለቁ በፊት መሆኑ፣ የወርዋሪው እግር ከሦስት ነጥብ መስመር አንጻር ያለበት ቦታና በወርዋሪው ላይ የደረሰ ንክኪ መኖሩ ናቸው። በዘመናዊ ሜዳዎች ሰዓቱ ሲያልቅ በሰሌዳው ዙሪያ ቀይ መብራት ይበራል። መብራቱና የማብቂያው ድምፅ ቢለያዩ መብራቱ ቅድሚያ እንዲሰጠው ሕጉ ይደነግጋል። አንድ ዳኛ ሦስቱንም በአስተማማኝ ሁኔታ ሊያይ ስለማይችል ሥራው አስቀድሞ መከፋፈል ይኖርበታል።

እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ የሴቶች ፍጻሜ የሆነውን ማስታወስ ተገቢ ነው። አሜሪካ ፈረንሳይን 67 ለ66 ባሸነፈችበት በዚህ ጨዋታ የፈረንሳይዋ ጋቢ ዊሊያምስ በመጨረሻዋ ቅጽበት ወርውራ አስቆጥራለች። ይሁን እንጂ የእግሯ ጫፍ የሦስት ነጥብ መስመሩን ረግጦ ስለነበር የተመዘገበላት ሁለት ነጥብ ብቻ ነው። ሦስት ቢሆን ኖሮ ጨዋታው ወደ ተጨማሪ ሰዓት ያመራ ነበር። በሕጉ መሠረት መስመሩ የሁለት ነጥብ ክልል አካል ነው። የኦሊምፒክ ወርቅ ዕጣ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ላይ ሊያርፍ እንደሚችል ይህ ጨዋታ አሳይቷል።

በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች የአሠራር መጓደል የሚያስከትለውን ጉዳት በተመለከተ ግን እ.ኤ.አ. ከ1972ቱ የሙኒክ ኦሊምፒክ የበለጠ አስተማሪ የለም። ማሞ ወልዴ በማራቶን፣ ምሩጽ ይፍጠር ደግሞ በ10 ሺህ ሜትር የነሐስ ሜዳሊያ ባገኙበት በዚህ ኦሊምፒክ በወንዶች ቅርጫት ኳስ ፍጻሜ የተገናኙት አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ነበሩ። ጨዋታው ሊያበቃ 3 ሰከንድ ሲቀረው አሜሪካዊው ዳግ ኮሊንስ ሁለት የቅጣት ውርወራዎችን አስቆጥሮ ቡድኑን 50 ለ49 መሪ አደረገ። ሁለተኛው ውርወራ በሚከናወንበት ወቅት ከጠረጴዛው የማስጠንቀቂያ ድምፅ ተሰማ። ሶቪየቶቹ ኳሱን ወደ ሜዳ ካስገቡ በኋላ አንድ ሰከንድ ያህል ሲቀር ጨዋታው ተቋረጠ። የሶቪየት ቡድን የእረፍት ጊዜ ጠይቀን ተከልክለናል ሲል አቤቱታ አቀረበ።

በዚህ መካከል የፊባ ዋና ጸሐፊ ሬናቶ ዊሊያም ጆንስ ከተቀመጡበት ወርደው ሰዓቱ ወደ 3 ሰከንድ እንዲመለስ አዘዙ። ዋና ጸሐፊው ግን በጨዋታ ላይ እያለ በዳኞች ሥራ ውስጥ የመግባት ሥልጣን አልነበራቸውም። ኳሱ ዳግም ሲወረወር ሰዓቱ በትክክል አልተስተካከለም ነበርና የማብቂያው ድምፅ ወዲያው ተሰማ፤ አሜሪካውያኑም አሸነፍን ብለው መጨፈር ጀመሩ። ጨዋታው ለሦስተኛ ጊዜ እንዲደገም ተደረገ። በዚህኛው ሙከራ ኢቫን ኤዴሽኮ ከሜዳው ዳር እስከ ዳር የላከውን ኳስ አሌክሳንደር ቤሎቭ ከቀለበቱ ሥር ተቀብሎ አስቆጠረ፤ ሶቪየት ኅብረትም 51 ለ50 አሸነፈች።

ከሜዳው ዳኞች አንዱ የነበሩት ብራዚላዊው ሬናቶ ሪጌቶ የውጤት ቅጹን አልፈርምም አሉ። አምስት አባላት ያሉት የይግባኝ ኮሚቴ የአሜሪካንን አቤቱታ በ3 ለ2 ድምፅ ውድቅ አደረገ። የአሜሪካ ቡድን አባላትም የብር ሜዳሊያቸውን ለመቀበል ፈቃደኛ አልሆኑም።

የሙኒኩ ክስተት ከተጫዋቾች ንክኪ ጋር የተያያዘ አልነበረም። የተጓደለው በዳኞች፣ በሰዓት ያዡና በእረፍት ጊዜ ጠያቂው መካከል መኖር የነበረበት ግንኙነት ነው። የተጣሰው ደግሞ የሥልጣን ወሰን ነው። ዳኞች በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ኳሱን ለወርዋሪው ከመስጠታቸው በፊት በሰሌዳው ላይ የሚታየው ሰዓት ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ፣ ጠረጴዛው ዝግጁ መሆኑን በምልክት ማወቅና የእረፍት ጥያቄ መኖር አለመኖሩን መለየት ይገባቸዋል። አለመግባባት ከተፈጠረ የመጨረሻውን ውሳኔ የመስጠት ሥልጣን በሕጉ የተሰጠው ለዋና ዳኛው ነው። ይህ ሥልጣን ከፍ ያለ ኃላፊነት ላለው ሰው ሲባል የሚለቀቅ ከሆነ ውሳኔው ትክክል ቢሆን እንኳ ተቀባይነት አያገኝም።

የምስል መሣሪያ ጥቅምና ወሰን

በአሁኑ ወቅት በከፍተኛ ውድድሮች ዳኞች ምስልን መልሰው የመመልከት ዕድል አላቸው። ኳሱ ሰዓቱ ከማለቁ በፊት መወርወሩ፣ ሁለት ወይም ሦስት ነጥብ መሆኑና ጥፋቱ ከስፖርታዊ ጨዋነት የወጣ መሆን አለመሆኑ በዚህ መንገድ ሊጣራ ይችላል። አንዳንድ ጉዳዮች፣ ለምሳሌ ኳሱ በማን ተነክቶ ከሜዳ እንደወጣ፣ በዳኞች አነሣሽነት የሚታዩት በአራተኛው ሩብ የመጨረሻዎቹ 2 ደቂቃዎችና በተጨማሪ ሰዓት ነው።

መሣሪያው ግን ዳኛውን አይተካም። በመጀመሪያ በሜዳ ላይ ውሳኔ መሰጠት አለበት፤ ምስሉ ግልጽና የማያጠራጥር ማስረጃ ካላቀረበ የመጀመሪያው ውሳኔ ይጸናል። ከዚህም ሌላ አብዛኛው የጨዋታ ክፍል ለምስል ማጣሪያ አይቀርብም። በመሆኑም በቦታ አያያዝና በትዕግሥት የተገኘ ውሳኔ ካሜራ ባለበትም በሌለበትም ዋናው ዋስትና ነው።

ስህተት ሲፈጠርም ሕጉ ራሱ ሥርዓት ዘርግቷል። ለማይገባው የቅጣት ውርወራ መፍቀድ፣ ለሚገባው መከልከል፣ ውርወራውን በተሳሳተ ተጫዋች ማስወርወርና ነጥብን በስህተት መመዝገብ ወይም መሰረዝ ሊታረሙ የሚችሉ ናቸው። ይህ ግን በተወሰነ ጊዜ ውስጥ መፈጸም አለበት። ስህተቱን ተከትሎ ሰዓቱ ከተነሣ በኋላ ጨዋታው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቆም፣ ኳሱ ዳግም ወደ ጨዋታ ሳይገባ ስህተቱ መታወቅ ይኖርበታል። የንክኪ ውሳኔዎች በዚህ ዝርዝር ውስጥ አይካተቱም። ባለፈው ውሳኔ ተሳስቻለሁ ብሎ በሚቀጥለው ድርጊት ለሌላው ወገን ማካካስ ደግሞ ሁለተኛ ስህተት ነው። ጥሩ ዳኛ ያለፈውን ትቶ ቀጣዩን ድርጊት ከመነሻው ለመመልከት ይዘጋጃል።

ካሜራ በሌለበት ሜዳ

ኢትዮጵያ የፊባ አባል ከሆኑ የአፍሪካ አገሮች አንዷ ናት። ከእ.ኤ.አ. 2021 ጀምሮ በአህጉሪቱ የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ መካሄዱ ለዳኞችም ተጨማሪ መድረክ ፈጥሯል። ይሁን እንጂ ዳኞች የሚወለዱት በትላልቅ አዳራሾች ሳይሆን በትምህርት ቤት፣ በመሥሪያ ቤትና በክለብ ሜዳዎች ነው። በእነዚህ ሜዳዎች ሁለት ዳኞች፣ አንድ የእጅ ሰዓትና አንድ የውጤት ቅጽ ብቻ ሊኖሩ ይችላሉ።

በእንዲህ ዓይነት ሁኔታም ቢሆን ዋና ዋናዎቹ የአሠራር መርሆዎች ገንዘብ የሚጠይቁ አይደሉም። ከጨዋታው በፊት አሥር ደቂቃ መመካከር፣ ክልል መከፋፈል፣ በሁለት ተጫዋቾች መካከል ያለውን ክፍተት መፈለግ፣ ተከላካዩን መመልከት፣ ድርጊቱ እስኪጠናቀቅ መታገሥና ከሰዓት ያዡ ጋር መናበብ በማንኛውም ሜዳ ሊተገበሩ ይችላሉ። ጨዋታን በእጅ ስልክ ቀርጾ ከባልደረባ ጋር መመልከትም ጠቃሚ ሥልጠና ነው። በዚህ ጊዜ ሊነሣ የሚገባው የመጀመሪያው ጥያቄ ውሳኔው ትክክል ነበር ወይ የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ ዳኛው በዚያ ቅጽበት የት ቆሞ ነበር፣ ምንስ ይመለከት ነበር የሚለው ነው። የአብዛኞቹ የተሳሳቱ ፊሽካዎች ምክንያት በዚህ ጥያቄ መልስ ውስጥ ይገኛል።

ከውድድር አዘጋጆችና ከስፖርት አመራሮችም የሚጠበቅ ድርሻ አለ። ለዳኞች የሥልጠና ጊዜ መመደብ፣ የጠረጴዛ ዳኞችንም እኩል ማሠልጠን፣ ጨዋታ በሚካሄድበት ጊዜ በውሳኔ ውስጥ አለመግባትና ቅሬታን በተዘረጋው የይግባኝ ሥርዓት ብቻ ማስተናገድ ከእነዚህ መካከል ይጠቀሳሉ። ለወራት የተዘጋጁ ተጫዋቾች ድካም በአንዲት ፊሽካ ሊለወጥ ይችላልና፣ ያቺ ፊሽካ በዕውቀት፣ በዝግጅትና በነጻነት እንድትነፋ ማድረግ የዳኛው ብቻ ሳይሆን ውድድሩን የሚመሩ አካላት ሁሉ ኃላፊነት ነው።